የስንቄ ቤት ታሪክ

ኅዳር 4 ቀን 2005፣ ማክሰኞ

የባህል ባለሙያው ገዱ ዛሬ ከደባርቅ መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ። ልጆቹ የሣሏቸውን ዋልያዎች ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ አሻግሬ የሚጠርበውን ማሲንቆ ብድግ አድርጎ አንኳኳው። ልጆቹ ሸክላ የሚሠሩበት ጭቃ ክፍል በር ላይ ግን «ጫማዬን» ብሎ ቆመ።

በጥር መጀመሪያ ታፔላ ሊተከልልን ነው፤ «የዳባት ልጆች የጥበብ ቤት» የሚል። አራት ዓመት ሙሉ ስንለምነው የኖርነው ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ይቀራል» አለኝ ሲወጣ። «የቤቱን ታሪክ አንድ ገጽ ጻፊልን። ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ እንዴት የጥበብ ቤት ሆነ። ቱሪስት ታሪክ ይወዳል።»

እሺ አልኩት። አንድ ገጽ ምን አላት።

ኅዳር 6

ጀመርኩ። «ይህ ቤት የአቶ ገሠሠ ሲሆን፣ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ልጃቸው መምህርት ጤናዬ ለሰፈሩ ልጆች ሥዕልና ሸክላ ማስተማሪያ…»

እዚህ ላይ ቆምኩ። የማርመው ፈተና አለኝ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

የጻፍኩትን ለአሻግሬ አነበብኩለት። ለልጆቹ ማሲንቆና እንጨት ሥራ የሚያስተምር እሱ ነው፤ የጃናሞራ ሰው ስለሆነ የዳባትን የድሮ ነገር አያውቅም። አንብቤ ስጨርስ «ከአባትሽ በፊትስ?» አለኝ።

«ሌሎች ሰዎች ነበሩበት።»

«የካይላ ቤት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ልጅ ነበርኩ» አልኩት።

እውነቴን ነው፤ ልጅ ነበርኩ። አይቸው የሚባል ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሚስቱ ስንቄ ይኖሩበት ነበር። ቤተ እስራኤሎች ናቸው፤ ሰፈሩ ግን ካይላ ነበር የሚላቸው። በ1983 ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያ ዓመት ወገኖቻቸው ሁሉ ሄደዋል፤ እነሱም ሄዱ። እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ውሸት የለበትም።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ሚካኤል። ኅዳር ታጠነ። ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ በየደጁ አቃጠለ። ልጆቹን አስገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ። ጭስ አልወድም። ቀኑን ሙሉ ራሴን አመመኝ።

ኅዳር 17

በእረፍት ሰዓት ስልክ ተደወለ። ቁጥሩ ረጅም ነው። የልጅ እግር ሴት ድምፅ፣ አማርኛዋ እየተሰባበረ።

«የሥዕል ቤት አስተማሪ ነሽ? ዳባት?»

«ነኝ።»

«እኔ ኢንባል። የስንቄ ልጅ። እዚህ ነው የተወለድኩት፣ እስራኤል።»

አንድ ቱሪስት ባለፈው ዓመት ልጆቹን ከቤቱ ፊት አቁሞ ፎቶ አንሥቶ ነበር። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ እነሱ ዘንድ ደረሰ። «እናቴ በሩን አወቀች» አለች። ስልኬን ያገኘችው ከአንድ የጎንደር አስጎብኚ ነው። በታኅሣሥ ትመጣለች። «ጥያቄ አለን። በስልክ አይሆንም።»

ስሜን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ልነግራት ስል ደወል ተደወለ። አይደለም፤ ደወሉ ከዚያ በኋላ ነው የተደወለው።

ኅዳር 18

አሻግሬ፦ «ቤቱን ሊጠይቁ ይሆናል። ካርታው በአባትሽ ስም አይደለም እንዴ? ምን ያስፈራሻል?»

ካርታው አይደለም የሚያስፈራኝ ብዬ አልመለስኩለትም። ምን ጥያቄ? ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ተማሪ ነው ያስታወሰኝ።

ኅዳር 21

ለእናቴ ነገርኳት። ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

«እሷስ አለች?»

«ስንቄ? ያለች ይመስለኛል። የደወለችው ልጅቷ ናት።»

«ታዲያ ምን ፈልገው?»

«አላውቅም እማዬ።»

ሰፌዱን ነቀነቀችው፤ ነቀነቀችው። ከዚያ ቀና ሳትል «የታመመ ሰው ያለው ነገር አይቆጠርም» አለች።

ምንም አልጠየቅኋትም ነበር።

ኅዳር 26

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከጆንያው ወዲያ ሁለት ሴቶች፦

«የባለ እጆቹ ልጅ ልትመጣ ነው አሉ።»

«ቤቷን ልትወስድ?»

«ቤቱስ ቤት ነው። ለልጆቻችን ነው እንጂ።»

ባለ እጅ። ቃሉን ብቻ ካየነው እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ግን ቡዳ ማለት ነው፤ በዓይኑ ሰው የሚበላ። እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሰብስቤ እጅ እንዲኖራችሁ ስል ከረምኩ።

እህሌን ሳላስፈጭ ተመለስኩ።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ሃያ ስድስት ልጆች ነበሩን። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ። አንዷ በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ እማዬ ጭቃ እንዳትነኪ አለችኝ፤ ሥዕል ብቻ ልሣል?» አለችኝ። ግቢ አልኳት።

ሕሊና ግን አልቀረችም። የጠላ ሻጯ የማዕረግ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጭቃ እንደሷ የሚታዘዘው ልጅ አላየሁም። እናቷ ወሬውን አልሰማች ይሆን? ወይስ ሰምታ ትታው ነው? ማዕረግን መንገድ ላይ ሳገኛት ፈጥኜ አልፋታለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ገዱ ደወለ። «ታሪኩስ?» እየጻፍኩ ነው አልኩት።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ልጻፈው። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ጥቅምት 1983 ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ። ትኩሳት ያዘኝ፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ራሴን ይዘው ፍም ላይ ደፉኝ፤ ነጭ ሽንኩርትና የቆዳ ቁራጭ ይጨሳል። «ማን በላሽ? ተናገሪ፣ ማን በላሽ?» ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን የበላውን ስም ይለፈልፋል ይባላል። እኔም ለፈለፍኩ። ስንቄ አልኩ።

አልሽ ነው የሚሉኝ። የራሴን ድምፅ አላስታውስም። ጭሱን አስታውሳለሁ። ከዚያ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ሸክላ ሲሰበር። ስንቄ ለቅዳሜ ገበያ ጋኖቿንና እንስራዎቿን ግቢዋ ውስጥ ደርድራ ነበር። ሰዎቹ አንድም አላስቀሩላትም። ድምፁ አላልቅ አለ።

በአራተኛው ቀን ቤቱ ባዶ ሆኖ አደረ። ባሏንና ወንድ ልጇን ይዛ ሄደች። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሣሁ። «ስትሄድ ለቀቀቻት» አሉ። መዳኔም ማስረጃ ሆነባት።

ማንም ሊገባበት ስላልደፈረ አባቴ ከቀበሌ ጠይቆ ቤቱን ወሰደው። ጭድ አኖረበት። ኋላ ለመምህራን አከራየው፤ ማንም አልቆየበትም። እሱ ሲሞት እኔ ጭዱን አውጥቼ ግድግዳውን ለቀለቅሁ፤ ልጆች ሰበሰብኩ። ሰው ሁሉ ጎበዝ አለኝ።

ሌላም አለ። ከመታመሜ በፊት በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለክሁ ስንቄ ዘንድ እገባ ነበር። እናቴ ታውቅ ነበር፤ ትቆጣኝ ነበር። ጭቃ መጀመሪያ የያዝኩት በእሷ እጅ ነው፤ የእንስራ አፍ እንዴት እንደሚቃና ያሳየችኝ እሷ ናት። ገዱ ሸክላ የት ተማርሽ ሲለኝ ኮሌጅ አልኩት። ኮሌጅ ሸክላ አላስተማሩኝም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች? ስንቄን ግን አውቃት ነበር።

ታኅሣሥ 11

ልጆቹ ወደ አሥራ አራት ወረዱ። ውርጭ ነው፤ ጭቃው ጠዋት ጠዋት እንደ ድንጋይ ይሆናል።

ኢንባል መልእክት ላከች። ሐሙስ። ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር ስናልፍ።

«ስናልፍ» ነው ያለችው። ስንት ናቸው?

ታኅሣሥ 17

ነገ። የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። እናቴ ነገ ቤተ ክርስቲያን እንደምትውል ነገረችኝ። ክብረ በዓልም አይደለም።

ታኅሣሥ 18፣ ሐሙስ

አራት ሰዓት ላይ መኪና ቆመ። ኢንባል ወረደች፤ መለሎ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት። ዞራ የኋላውን በር ከፈተችና አንዲት አሮጊት ደግፋ አወረደች።

ፊቷን ሳላይ አወቅኋት። አንዱ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ዕድሜዋን እንስራ ስትሸከም የኖረች ሴት ትከሻ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

ስንቄ ግቢውን በዝግታ አየችው። ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። ልጆቹን አየች፤ ጭቃ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የዚህ ቤት አስተማሪ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የገሠሠ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ገሠሠ ኋላ ሌላ ሴት ልጅ ወለደ እንዴ?»

«አልወለደም። አንድ እኔ ነኝ። ጤናዬ ነኝ።»

«ጤናዬ ሞታለች» አለች፣ ቀስ ብላ፣ የተሳሳተ ልጅ እንደሚያርም ሰው።

«አልሞትኩም፣ እትዬ ስንቄ።»

እጇን አነሣች። የተመታሁ ያህል ዓይኔን ጨፈንኩ። የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አሳረፈችው፤ ትኩሳት እንደምትለካ እናት። አቆየችው። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ኢንባል ልታነሣት ብትል እምቢ አለች።

እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የነገረችኝ ይህ ነው። በአራተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሲወጡ ከእኛ ቤት ለቅሶ ሰማች። ልጅቷ ሞተች አለች በልቧ። ያን ቀን የተለቀሰው ለአጎቴ ነበር፤ ከግንባር መርዶው መጥቶ። ይህን ማን ይንገራት? ባሏ አይቸው እዚያ ሞተ፤ ልጇ አቪሃይ አደገ፤ ኢንባል ተወለደች፤ እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ቀብራ ኖረች።

«ሰው እንደማልበላ አውቃለሁ» አለችኝ። «ማንም ይበላል ብዬ አላምንም። ግን አገር ሁሉ ሲልሽ፣ አንድ ቀን ሥራ ፈትተሽ ስትቀመጪ፣ ሳላውቀው ይሆን እንዴ ትያለሽ። ያቺን ልጅ እወዳት ነበር፤ ሳያት ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ሳያት ይሆን እንዴ ትያለሽ።»

ኢንባል ከላያችን ቆማ ታለቅስ ነበር። «ጥያቄዋ ይኼ ነው» አለችኝ። «መቃብርሽ የት እንደሆነ።»

ያን ጊዜ አወጣሁት። «ስምዎን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«አጥሩ ሥር ነበርኩ። የሰማሁትን ሰምቻለሁ» አለች። «እናትሽ አለች?»

«አለች። ቤተ ክርስቲያን ናት።»

«እሷን ጠይቂያት።»

«ልጅ ነበርሽ» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችኝም።

ከዚያ ሕሊና አፉ የተንጋደደ እንስራ ይዛ ብቅ አለች፤ ምንም የማታውቅ ልጅ። ስንቄ አየችው፤ ሳትፈልግ ፈገግ አለች። እጇን ውኃ ነክራ የሕሊናን እጅ በእጇ ውስጥ ያዘችና አብረው ዞሩበት፤ አፉ ቀና። አጥሩ ላይ ሴቶች ቆመው ያያሉ። እኔ አፉ ሲቀና ደስ አለኝ። የሕሊና እጅ በስንቄ እጅ መያዙ ደግሞ አስፈራኝ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ። በራሴ አፈርኩ።

ስለ ቤቱ ባለቤትነት አንድ ቃል ሳትናገር ሄደች።

ታኅሣሥ 19

እናቴ ትናንት የተመለሰችው ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው። «ስንቄ እናትሽን ጠይቂ አለችኝ» አልኳት። «ጾም ነው፤ አታናግሪኝ» አለች። ጾም መናገር ከለከለ?

ታኅሣሥ 22

ሕሊና ትምህርት ቤት አልመጣችም። ጉንፋን ይሆናል። ውርጭ ነው። ጉንፋን ነው።

ታኅሣሥ 23

ዛሬም የለችም። በእረፍት አሻግሬ እየሮጠ መጣ። «ልጅቷ ትቃጠላለች፤ ከካይላዋ ጀምሮ ነው ይላሉ። ማዕረግ ቤት ሰው ተሰብስቧል።»

(ይህን ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።)

ክፍሌን ጥዬ ከአሻግሬ ጋር ሮጥኩ። በቤታችን በኩል ሳልፍ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ፤ «ሕሊናን ሊያጥኗት ነው» ብዬ አለፍኩ።

ማዕረግ ቤት ሰባት ስምንት ሴቶች ነበሩ። ፍሙ ቀርቧል። ሕሊና በእናቷ ጉልበት ላይ ናት፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አልኩ። «አንቺ አይደለሽ ያመጣሽብን?» አለችኝ አንዷ። ማዕረግ አላየችኝም። ወደ ልጇ ጆሮ ዝቅ ብላ «ማን…» ብላ ስትጀምር በሩ ጨለመ።

እናቴ ናት። ነጠላዋን እንኳ አላጣፋችም፤ በዱላዋ ተደግፋ ታለከልካለች።

«ማዕረግ፣ አትጠይቂያት» አለች።

«እማማ ስጦታ፣ ልጄ እየሞተች ነው።»

«የኔም እየሞተች ነበር። ስሚኝ። ጤናዬ ስንቄን አልጠራችም። ማንንም አልጠራችም፤ ውኃ ነው ያለችው። ስንቄ ናት ወይ ብዬ በጆሮዋ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንዴ አልኳት፣ ዝም አለች። ሁለቴ አልኳት። በሦስተኛው ጭሱ ሲያፍናት እ አለች። እኔም ተነሥቼ ጮህኩ።»

አንዲት አሮጊት «ስጦታ፣ ተይ፤ የሞተ ነገር አትቀስቅሺ» አለቻት።

«አልሞተም። ሐሙስ መጥታ ነበር፤ እኔ ተደበቅሁ።» እናቴ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ አሁንም አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ብቻ እየቀጠነ ሄደ። «ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ስንቄ አጥሩ ላይ ጠርታኝ፣ ልጅሽ ዓይኗ ልክ አይደለም፣ ሐኪም አሳዪያት ብላኝ ነበር። እንዴት አየቻት አልኩ። በዚያ ነው የጠረጠርኳት። አሳዪያት ስላለችኝ።»

የሕሊና ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ማዕረግ ፍሙን አየች፤ ልጇን አየች። ከዚያ ልጇን በጋቢ ጠቀለለቻትና ለአሻግሬ አቀበለችው።

የሳንባ ምች ነው አሉ። መርፌ ወግተዋታል። እያየናት ነው።

ታኅሣሥ 26

ትኩሳቷ ወረደ። አጥሚት ጠጣች።

እናቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ከአልጋዋ አልወረደችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ትጠይኛለሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው። እግሯን ግን አሸሁላት፤ ቀዝቅዞ ነበር።

«እ» ብያለሁ። ከሁሉም በኋላ፣ እ ብያለሁ።

ጥር 3፣ ዓርብ

ታፔላው ተተከለ። ሁሉንም የጻፍኩበትን ታሪክ ስሰጠው ገዱ ቆሞ አነበበና «ጤናዬ፣ ይኼ የከተማውን ገጽታ ያበላሻል። የመጀመሪያዋን አንቀጽ ብቻ እናትም፤ አይቸውና ስንቄ የሚባሉ የእጅ ባለሙያዎች ኖረውበታል፣ በቃ» አለኝ።

«ከተውከው ሁሉንም ተወው» አልኩት። ለቱሪስቱ የሚታደለው ወረቀት ያለ ታሪክ ታተመ። የእኔን ገጽ አሻግሬ ከጣውላ ጋር አጣብቆ ጭቃ ክፍሉ ውስጥ ሰቀለው። የሰማ ሰው እየመጣ ያነባል። አንዳንዱ አንብቦ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ አሥራ አንድ ናቸው።

ጥር 5፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኢንባል ጋ ደወልኩ። እሷ ለእናቷ ሰጠቻት።

ሕሊና መታመሟን፣ መዳኗንም ነገርኳት። ከሄዱ በኋላ እንደሆነ አልደበቅሁም።

«ማንን ጠራች?» አለችኝ።

«ማንንም። አልጠየቋትም።»

«ማንም አልጠየቃትም?»

«እናቴ ከለከለቻቸው። በእርስዎ ላይ ያደረገችውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረች። አልጠየቋትም፣ እትዬ ስንቄ። ጤና ጣቢያ ነው የወሰድናት።»

አንድ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ዕቃ ይሁን ምን እንጃ። ከዚያ ኢንባል ስልኩን ተቀበለች።

«ምን ሆነች?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ በዚያች በምትሰባበረው አማርኛዋ። «ቆማ ነበር የምታወራው። አሁን ቁጭ አለች።»